ኢንቨስተር ሆኖ «ልኖርበት ነው» ብሎ የሃድ ቤት መግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም «ሃድ» በምንለው፣ የሚሸጡ ቤቶችን ይመለከታሉ። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እስከ ሚኒያፖሊስና ሲያትል ድረስ የመጀመሪያ ቤታቸውን በዚህ መንገድ ለመግዛት የሚሞክሩ ወገኖች አሉ። ሊያከራዩት ወይም አድሰው ሊሸጡት እያሰቡ «እኖርበታለሁ» ብለው የሚፈርሙ ኢንቨስተሮችም አሉ። ለሁለቱም ወገን የሚጠቅመውን ከታች ጽፈናል።

መንግሥት የሚሸጠውን ቤት ከየት ያመጣዋል?

ቤቱ ሲገዛ ብድሩ የኤፍ ኤች ኤ፣ ማለትም በሃድ ሥር ሆኖ ለቤት ብድር መድን የሚሰጠው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ዋስትና ነበረው። ባለቤቱ መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ቤቱን በፎርክሎዠር (ዕዳው ባለመከፈሉ በሕግ) ይወስድና ለሃድ ያስረክባል፤ ያልተከፈለውን ዕዳ ደግሞ ከኤፍ ኤች ኤ የመድን ገንዘብ ያገኛል። ሃድ ባዶ ቤት ይዞ መቆየት አይፈልግም። የንብረት ግብሩ፣ የሣር ማጨዱ፣ በክረምት ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሚደረገው ሥራ ሁሉ ወጪ ነው። ስለዚህ ሃድ ሆም ስቶር በሚባለው ድረ ገጹ ላይ አውጥቶ ይሸጠዋል።

ጨረታው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ በጩኸት የሚካሄድ አይደለም። ገዢው ራሱ ዋጋ ማስገባት አይችልም፤ በሃድ የተመዘገበና «ኔይድ» የሚባል መለያ ቁጥር ያለው ብሮከር ያስገባለታል። ቤቱ የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው። ሃድ ጣሪያ አያድስም፣ ቦይለር አይቀይርም።

«የነዋሪዎች ጊዜ» የሚባለው ምንድን ነው?

አንድ ቤት ለገበያ ሲወጣ መጀመሪያ ዋጋ ማቅረብ የሚችሉት ሊኖሩበት የሚገዙ ግለሰቦች፣ የመንግሥት አካላትና ሃድ የፈቀደላቸው ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ብቻ ናቸው። ኢንቨስተር በዚህ ጊዜ አይገባም። ለረጅም ዓመታት የኤፍ ኤች ኤ ብድር ሊወሰድባቸው ለሚችሉ ቤቶች ጊዜው 15 ቀን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 30 ቀን እንደሚራዘም ተገለጸ። ደንቡ ሲለዋወጥ የኖረ በመሆኑ ከሰው የሰሙትን የቀን ቁጥር አይመኑ። በእያንዳንዱ ቤት ገጽ ላይ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ የሚሠራው እሱ ነው።

በዚያ ጊዜ ያልተሸጠ ቤት ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ያኔ ኢንቨስተሩም ነዋሪውም እኩል ይወዳደራሉ።

ኢንቨስተሩ ለምን ይዋሻል? ጥቂት ሳምንት ቢጠብቅ ምን ይጎዳዋል?

መጀመሪያ፣ ፉክክሩን ይሸሻል። ጥሬ ገንዘብ ይዘው የሚመጡ ሌሎች ኢንቨስተሮች በሌሉበት ሜዳ፣ ብድር ፈቃድ ይዘው ከሚመጡ ቤተሰቦች ጋር ብቻ መወዳደር ለሱ ቀላል ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። 240,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት እንውሰድ። ሊኖርበት የሚገዛ ሰው በኤፍ ኤች ኤ ብድር 3.5 በመቶ፣ ማለትም 8,400 ዶላር ቅድመ ክፍያ ይበቃዋል። ዋጋ ሲያቀርብ ከጠየቀ ሃድ እስከ 3 በመቶ የክሎዚንግ (የግዢው ማጠናቀቂያ) ወጪ ሊሸፍንለት ይችላል፤ ይህ እስከ 7,200 ዶላር ነው። በተወሰኑ ግዛቶች ደግሞ ቤቱን በተጠየቀው ሙሉ ዋጋ በኤፍ ኤች ኤ ብድር ለሚገዛ ነዋሪ የ100 ዶላር ቅድመ ክፍያ ፕሮግራም አለ። ኢንቨስተር ሆኖ ለሚበደር ሰው ግን ባንኩ 20 በመቶ ቢጠይቀው 48,000 ዶላር ማዋጣት አለበት፤ ወለዱም ከፍ ይላል። ውሸቱ የሚሰርቀው ይህን ልዩነት ነው፤ የሚሰረቀው ደግሞ ያንን ቤት ሊኖርበት ይፈልግ ከነበረ ቤተሰብ ላይ ነው። ይህን «ትንሽ ማጭበርበር» ብሎ ማቅለል ትክክል አይመስለንም።

በትክክል የምፈርመው ምን ላይ ነው?

ዋናው የሽያጭ ውል ኤች ዩ ዲ 9548 ይባላል። እንደ ነዋሪ የሚገዛ ሰው ከሱ ጋር 9548-ዲ የሚባል ተጨማሪ ቅጽ ይፈርማል። ገጹ አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል። የሚያረጋግጡት ሁለት ነገር ነው፦ ቤቱን ቢያንስ ለ12 ወር ዋና መኖሪያዎ አድርገው እንደሚኖሩበት፣ እና ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ሌላ የሃድ ቤት እንደ ነዋሪ ሆነው እንዳልገዙ።

ከታች ብሮከሩም ይፈርማል። እያወቀ ለኢንቨስተር ይህን ውል እንዳላቀረበና ሐሰት ምስክርነት ምን እንደሚያስከትል ለገዢው እንዳስረዳ ያረጋግጣል። ኤጀንትዎ ይህን ገጽ «ዝም ብለህ እዚህ ጋ ፈርም» ብሎ ካሳለፈው፣ በዚያው ቅጽበት የራሱን ፊርማ ሐሰት አድርጎታል።

በኤፍ ኤች ኤ ብድር ከገዙ በአበዳሪው ሰነድ ላይ ሁለተኛ ግዴታ ይገባሉ፦ ከክሎዚንግ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መግባትና ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር። ስለዚህ የሚዋሽ ሰው አንድ ቤት ለመግዛት ለመንግሥትም ለባንክም ይዋሻል።

ወንድሜ ጥሩ ክሬዲት የለውም። በእኔ ስም ገዝቼ እሱ ቢኖርበትስ?

በኛ ዘንድ ስም ማዋስ እንደ ዝምድና ግዴታ ስለሚታይ ይህ ጥያቄ በብዛት ይመጣል። መልሱ አይቻልም ነው። ፈርመው «እኖርበታለሁ» ያሉት እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ መኖሩ የርስዎን ግዴታ አይሞላም። አብራችሁ የምትኖሩበት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዋናው ነገር ፈራሚው በዚያ ቤት መኖሩ ነው።

ክፋቱ የሚጀምረው ደግሞ ነገሩ ሲበላሽ ነው። ወንድምዎ ክፍያ ቢያቋርጥ ክሬዲቱ የሚወድቀው የርስዎ ነው። ምርመራ ቢመጣ ፊርማው የርስዎ ነው። በቤቱ ላይ ያለው ስም የርስዎ ስለሆነ እሱ ያወጣውን የጥገና ገንዘብ ለማስመለስም የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። የዚህ ዓይነት ውል የሁለቱንም ቤት ያፈርሳል።

በኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ በተወሰነ ኩባንያ) ስም ልግዛ? ወይም ለልጄ?

ነዋሪ መሆን የሚችለው ሰው ብቻ ነው፤ ኤል ኤል ሲ በነዋሪዎች ጊዜ መግባት አይችልም። በግል ስም ገዝቶ ከወር በኋላ ቤቱን ወደ ኤል ኤል ሲ ማዛወርም በካውንቲው መዝገብ ላይ በግልጽ የሚታይ ምልክት ነው። ለልጅዎ የሚገዙት ቤት፣ እርስዎ ካልኖሩበት፣ የርስዎ መኖሪያ አይደለም። ልጁ ዕድሜው ከደረሰና ብድሩን ከቻለ ራሱ ይግዛ፤ ወላጅ ለቅድመ ክፍያ ገንዘብ በስጦታ መስጠት በኤፍ ኤች ኤ ደንብ የተፈቀደ ነው፤ አበዳሪው የሚጠይቀውን የስጦታ ደብዳቤ ማሟላት ብቻ ነው።

ክፍል ማከራየትስ?

እርስዎ እዚያው እየኖሩ ቤዝመንቱን ወይም አንድ ክፍል ቢያከራዩ ቤቱ ዋና መኖሪያዎ መሆኑ አይቀርም። ከሁለት እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ ሲሆንም በአንዱ እየኖሩ ሌሎቹን ማከራየት ይቻላል። ለጀማሪ ሀቀኛውና ብልሁ መንገድ ይህ ነው ብለን እናምናለን፦ ኪራዩ ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) ያግዛል፣ ፊርማውም እውነት ሆኖ ይቀራል። የካውንቲውን የኪራይ ፈቃድ ግን ያውጡ። ሞንትጎመሪ ካውንቲና ባልቲሞር ከተማ ያለ ፈቃድ ማከራየትን አይፈቅዱም።

ልብሶትን አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅለው ሌላ ቦታ እየኖሩ ቤቱን በሙሉ ለኤርቢኤንቢ ማውጣት ግን ከዚህ ውጭ ነው።

ገብቼ በስድስተኛው ወር ሥራዬ ወደ ሌላ ግዛት ቢዛወርስ?

ሕጉ የሚጠይቀው በፈረሙበት ቀን ልብዎ ውስጥ የነበረውን ነው። ያኔ ሊኖሩበት በእውነት አስበው፣ ገብተው፣ ከዚያ ያልታሰበ ነገር ከመጣ ማጭበርበር አይደለም። የሥራ ዝውውር፣ ፍቺ፣ ከባድ ሕመም የመሳሰሉት ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ችግሩ ከስድስት ወር በኋላ ማስረጃ የሌለው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ የዝውውሩን ደብዳቤ ያስቀምጡ፤ ለአበዳሪው ከመውጣትዎ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የመብራትና የውኃ ቢል፣ የመንጃ ፈቃድ አድራሻ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ከቤቱ ጋር የተያያዘ እንዲሆን ገና ከመጀመሪያው ያድርጉ። በጥርጣሬ ላይ ካሉ ከመውጣትዎ በፊት ከጠበቃ ጋር ይነጋገሩ፤ ከወጡ በኋላ ማብራራት ይከብዳል።

መንግሥት በእውነት ይከታተላል? ማን ያውቃል?

«ማንም አያየውም» የሚሉ ሰዎች የሚረሱት፣ ማስረጃውን የሚተዉት ራሳቸው መሆናቸውን ነው። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ እስኪጠይቅ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ነገሩ ይወጣል፦

የቤት ኢንሹራንሱ የአከራይ ፖሊሲ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም የባለቤት ፖሊሲ ገዝቶ እሳት ሲነሳ ኢንሹራንሱ «ተከራይ ነበር» ብሎ ክፍያውን ይከለክላል። የንብረት ግብር ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ ይሄዳል። ለዋና መኖሪያ የሚሰጠው የግብር ቅናሽ በሌላ ቤት ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። ዓመታዊ የገቢ ግብር ሲሞላ ያ ቤት በኪራይ ገቢ ማሳወቂያው ስኬጁል ኢ ላይ ይሰፍራል። ክሎዚንግ በተደረገ በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ በዚሎው የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ «ለኪራይ» ተብሎ ይወጣል፤ ፎቶውና ቀኑ ደግሞ አይጠፋም። ከአራት ወር በኋላ ታድሶ ሲሸጥ የሁለቱ ሽያጭ ቀን በካውንቲ መዝገብ ላይ ለማንም ክፍት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥቆማ አለ። በጨረታው የተሸነፈው ቤተሰብ ያንን ቤት አይረሳውም። በዚያው መንገድ ሲያልፍ «ለኪራይ» የሚል ሰሌዳ ያያል።

ከተያዝኩ ምን ይደርስብኛል?

9548-ዲ ቅጽ ላይ ራሱ የተጻፈው እስከ 250,000 ዶላር ቅጣትና እስከ ሁለት ዓመት እስራት ነው። በኤፍ ኤች ኤ ብድር ወይም በሌላ ሞርጌጅ ላይም ከዋሹ ሌላ የፌደራል አንቀጽ ይጨመራል፤ የዚያ ጣሪያ 30 ዓመት እስራትና አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜም አሥር ዓመት ነው። አብዛኛው ሰው እስከ ጣሪያው አይቀጣም። ነገር ግን አሥር ዓመት ሙሉ በአንድ ፊርማ መጨነቅ በራሱ ቅጣት ነው። ከወንጀሉ ውጭም ሃድ ገዢውንም ብሮከሩንም ከፌደራል ፕሮግራሞች ሊያግድ፣ የብሮከሩን ምዝገባ ሊሰርዝ፣ ገንዘብም ሊጠይቅ ይችላል።

ግሪን ካርድ ላለው ሰው አደጋው ከዚህ ይበልጣል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ማታለል ያለበት ወንጀል፣ በተጎጂው ላይ የደረሰው ኪሳራ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ከባድ ወንጀል ከሚባሉት ውስጥ ይመደባል፤ ይህም ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ዜግነት ለሚያመለክትም መልካም ምግባር ይመረመራል። ለዜጋ የገንዘብ ቅጣት የሚሆነው ነገር ለኛ ሰው ቤተሰብ የሚበትን ሊሆን ይችላል። ወንጀል አምነው ከመፈረምዎ በፊት የወንጀል ጠበቃም የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክሩ።

ኤጀንቴ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ነዋሪ ብዬ ላስገባህ» አለኝ። ምን ላድርግ?

አይስማሙ፤ ኤጀንቱንም ይቀይሩ። የሀገር ልጅ መሆኑ አያስገድድዎትም። ኤጀንቱ ኮሚሽኑን የሚያገኘው በክሎዚንግ ቀን ነው፤ አሥራ ሁለቱን ወር የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት።

ከተስማሙ በኋላ ማስተካከልም ቀላል አይደለም። በነዋሪነት ያሸነፉትን ውል «አሁን ኢንቨስተር አድርጉልኝ» ማለት አይቻልም፤ ውሉ ይሰረዛል። በማስያዣነት የሰጡት ኧርነስት መኒ፣ በአብዛኛው ለቤቱ ዋጋ 50,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን 500፣ ከዚያ በላይ ሲሆን 1,000 ዶላር፣ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ፣ ላይመለስልዎት ይችላል። ያም ሆኖ ክሎዚንግ ካላደረጉ 1,000 ዶላር አጥቶ መውጣት ውሸቱን ይዞ ከመቀጠል ይሻላል። ብድር በመከልከልዎ ወይም ሥራ በማጣትዎ ምክንያት የሚወጣ እውነተኛ ነዋሪ ግን ማስያዣው ሊመለስለት ይችላል፤ ሰነዱን ወዲያው ያቅርቡ።

በ50 በመቶ የሚሸጠው ቤትስ?

ጉድ ኔበር ኔክስት ዶር ይባላል። ለሕግ አስከባሪዎች፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ሃድ በመረጣቸው አካባቢዎች ያሉ ቤቶችን በተጠየቀው ዋጋ ግማሽ ይሸጣል። ብዙ አመልካች ካለ በዕጣ ይለያል። ግዴታው 36 ወር ብቸኛ መኖሪያ አድርጎ መኖር ነው።

ቅናሹ ስጦታ ሆኖ ወዲያው አይታለፍም። ሃድ በቅናሹ ልክ ወለድ የሌለውና የወር ክፍያ የማይጠየቅበት ሁለተኛ ሞርጌጅ ይይዛል፤ በየወሩ ከ36 አንዱ እጅ ይሰረዛል። 200,000 ዶላር ቤት በ100,000 ገዝተው በ18ኛው ወር ቢለቁ 50,000 ዶላር ዕዳ ይጠብቅዎታል። በየዓመቱ አሁንም እንደሚኖሩበት ፈርመው ይመልሳሉ። ቁጥጥሩ የጠበቀው በምክንያት ነው፦ የዚህ ፕሮግራም ቀዳሚዎች በነበሩት የፖሊሶችና የመምህራን ሽያጮች ላይ ሳይኖሩበት የሚያከራዩ ሰዎች በመገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ሃድ ሽያጩን ለ120 ቀን አቁሞት ነበር።

እኔ ኢንቨስተር ነኝ። በሕጋዊ መንገድ የሃድ ቤት መግዛት እችላለሁ?

ይችላሉ። የነዋሪዎች ጊዜ ያለፈባቸውን ቤቶች በድረ ገጹ ላይ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ብሮከርዎ «ኢንቨስተር» የሚለውን መርጦ ዋጋ ያስገባል። ሃድ የሚያየው ከኮሚሽንና ከክሎዚንግ እገዛ በኋላ እጁ የሚገባውን የተጣራ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የክሎዚንግ እገዛ ሳይጠይቁ ዝቅ ያለ ዋጋ ማቅረብ ከፍ ካለው ሊበልጥ ይችላል። ሳይሸጥ የቆየ ቤት ዋጋው ሲቀነስ ይታያል፤ ትዕግሥት እዚህ ላይ ይከፍላል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ኢንቨስተር ከውሉ ቢወጣ ማስያዣው በሙሉ ይቀራል፤ ስለዚህ ቤቱን ዋጋ ከማስገባትዎ በፊት ይመልከቱት። ሁለተኛ፣ አድሰው ለመሸጥ ካሰቡ የኤፍ ኤች ኤን የፍሊፕ ደንብ ያስቡ፦ ቤቱን በእጅዎ ካስገቡ 90 ቀን ሳይሞላ የሚዋዋል ገዢ በኤፍ ኤች ኤ ብድር ሊገዛዎት አይችልም። ከ91 እስከ 180 ባለው ቀን ከገዙበት ዋጋ በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሸጡ ደግሞ ሁለተኛ የዋጋ ግምት ይጠየቃል። እድሳቱን በስድስት ሳምንት ጨርሰው ገዢ የሚያጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የሚሸጧቸው ቤቶችም እንዲህ ናቸው?

ሁለቱ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዙ ድርጅቶች ናቸው፤ ሐሳቡም አንድ ነው። ፋኒ ሜይ ሆም ፓዝ፣ ፍሬዲ ማክ ሆም ስቴፕስ በሚባሉ ገጾቻቸው ሲሸጡ «ፈርስት ሉክ» የሚባል የነዋሪዎች ቅድሚያ ጊዜ አላቸው፤ ገዢውም እንደሚኖርበት ይፈርማል። ቅጾቹና ጊዜው ግን የየራሳቸው ስለሆኑ የሃድን ደንብ ወደዚያ ይዘው አይሂዱ።

ያሸነፈን ሰው ኢንቨስተር መሆኑን እርግጠኛ ነኝ። ለማን ልንገር?

ለሃድ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት። የጥቆማ ስልኩ 1-800-347-3735 ነው፤ በድረ ገጹም ቅጽ አለው፤ ስም ሳይሰጡ ማመልከት ይቻላል። ጥቆማው ክብደት የሚኖረው በዝርዝሩ ነው፦ የቤቱ አድራሻ፣ በሃድ ሆም ስቶር ላይ የነበረው የኤፍ ኤች ኤ ኬዝ ቁጥር፣ ዋጋው የገባበት ጊዜ የነዋሪዎች መሆኑ፣ በጨረታ ውጤት ገጽ ላይ የወጣው የገዢ ዓይነት፣ ከካውንቲ መዝገብ የተገኘው የሽያጭ ቀንና ስም፣ የኪራይ ማስታወቂያው ፎቶ ከነቀኑ። የማስታወቂያውን ፎቶ ዛሬውኑ ያስቀምጡ፤ ተከራይ ሲገኝ ይነሳል።

ወደ ቤቱ ሄደው ተከራዩን አይጠይቁ፣ በፌስቡክ ላይም የሰውየውን ስም አያውጡ። የተሳሳቱ ከሆነ ስም ማጥፋት ይሆናል፤ ትክክል ከሆኑም ሰውየው ማስረጃውን እንዲያጠፋ ጊዜ ይሰጡታል። ኤጀንቱ እያወቀ እንዳስገባ ማስረጃ ካለዎት የግዛትዎ የሪል እስቴት ኮሚሽን የራሱን አቤቱታ ይቀበላል፤ ያ ከሃድ ጥቆማው ተለይቶ የሚቀርብ ነው።